ካፒቴን ፀደንያ መኳንንት እና የመድኃኔዓለም ጥላ

በዚህ የቀብር ሥነ ሥርዓት ወረቀት ሽፋን ላይ ከፎቶግራፉ ሥር «የበረራ አስተናጋጅ» ተብሎ የታተመው ስህተት ነው። ሟች የአውሮፕላን አብራሪ፣ ያውም ካፒቴን ነበሩ። ስህተቱ የታየው ሽፋኑ አዲስ አበባ ታትሞ ዘመሮ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ ማረም አልተቻለም። እሳቸው ቢያዩት በሳቁ ነበር፤ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ወደ አውሮፕላኑ ሲገቡ ውኃ እንዲያመጡላቸው የሚያዝዟቸው መንገደኞች ጥቂት አልነበሩም። የውስጡን ታሪክ ትናንት ሌሊት እዚሁ የጻፈችው እናታቸው ጥሩሸዋ ናት።

ካፒቴን ፀደንያ ከአባታቸው ከአቶ መኳንንት ፈንታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ኪዳነ ጥቅምት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በመንዝ ዘመሮ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚሁ፣ ሁለተኛ ደረጃን መሐል ሜዳ ቤት ተከራይተው ተማሩ። ስንቅ ሊወስዱ በሚመጡበት ቀን እናታቸው ጎርፍ ወሰዳቸው፣ ጅብ በላቸው እያለች መንገድ መንገዱን ታይ ነበር። እሳቸው ግን አንድም ቀን ሳይመሽባቸው ይደርሱ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመርቀው በዓመቱ ለአብራሪነት ሥልጠና ተፈተኑ። ከሃያ አምስት ተፈታኞች ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኮከቤ ገበያ መሐል፣ «አንቺ ጥሩሸዋ፣ ልጅሽ መሬቱ ጠቧት ነው? ሰማይ ላይ ማን ሊያገባት ነው?» ብለው ሰው አሳቁባት። እናታቸው የምታስበው ግን የአውሮፕላን መውደቅን ብቻ ነበር። ስለዚህ የጽሑፉን ፈተና አልፈው የጤና ምርመራው ሲቀራቸው፣ ለማንም ሳትናገር ለመድኃኔዓለም ተሳለች፤ ምርመራው ልጇን ከጣለላት ወርቀ ዘቦ ጥላ ልታስገባ። ምርመራውን አለፉ።

በ2006 ዓ.ም. ረዳት አብራሪ ሆኑ። በ2009 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ጥገና ባለሙያው ከአቶ አትናቴዎስ ጋር በተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ትሕትናን ወለዱ። በ2014 ዓ.ም. ካፒቴን ሆኑ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ በረራ ባለባቸው ቀን እናታቸው የቤቷን በር አትቆልፍም ነበር፤ መርዶ ነጋሪዎች ከመጡ ደጅ እንዳይቆሙ ብላ። የምትቆልፈው ስልኩ ጮኾ፣ «እማዬ፣ ወርጃለሁ፤ በይ በርሽን ቆልፊ» ሲሏት ነበር።

ካፒቴን ከሆኑ በኋላ ስለቱን ነገረቻቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለጥምቀት ሲመጡ ጥላውን ራሳቸው ገዝተው አመጡና፣ «ስለትሽ ባይሰምርም ታቦቱን ፀሐይ አይምታው» አሏት። ዛሬ ከአስከሬናቸው በላይ የተዘረጋው ያ ጥላ ነው።

በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም.፣ አብራሪዎች በየዓመቱ በሚያደርጉት የጤና ምርመራ የደም ካንሰር ተገኘባቸውና ከበረራ ታገዱ። እናታቸው መጀመሪያ የሰማችው መታገዳቸውን ብቻ ነበር፤ ደስ አላት። ሁለት ቀን በጊዜ በሯን ቆልፋ ተኛች። በሽታውን የነገሯት በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለቱ ዘግይቶ የሰመረ እየመሰላት የነፍስ አባቷን ቄስ ኃይለ ኢየሱስን እየደጋገመች አስቸግራለች። ቄሱም፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር የተቀበለው ልጅሽ ያመጣችውን ጥላ ነው እንጂ የፈራሽውን አይደለም» ብለዋታል። ለማመን እየሞከረች ነው።

ካፒቴን ፀደንያ አሥር ወር ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በ35 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ የሰባት ዓመት ልጃቸውን፣ አባትና እናታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ስንቱን መንገደኛ ከደመና በላይ አሳልፈው በሰላም ለቤቱ ያበቁትን ልጃችንን፣ መድኃኔዓለም እሳቸውንም በሰላም ለቤቱ ያብቃልን።

ትናንት ማምሻውን አስከሬናቸው ተወልደው ወዳደጉበት ቤት ገባ። ለቀስተኛው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ወይዘሮ ኮከቤ፣ «ጥሩዬ፣ በሩ ክፍት ይደር፤ የሚመጣ ሰው አይጠፋም» አሏት። እናታቸው ግን የምትጠብቀው ስልክም ሆነ መርዶ አልነበራትም። ልጇ ቤት ገብተዋል። ተነሣችና በሩን ቆለፈች።