እማማ ዘይነባ የተደገፉበት ጠረጴዛ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ጠዋት 4፡00
እማማ ዘይነባ ዛሬም መጡ። አራተኛ ማክሰኞ፣ ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ። የሟች ባላቸውን መሬት በስማቸው ለማዞር። ፋይሉ የለም። የመሬት ጽ/ቤት ሠራተኛ ነኝና «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳቸው። ጠረጴዛዬን ተደግፈው፣ አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያግዝሽ ብለው መረቁኝ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር! እወዳቸዋለሁ፣ ማስታወሻዬ፤ ችግሩ ይኸው ነው።

ያው ቀን፣ 9፡00
አንድ ነገር ረሳሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አንብቢልኝ ብለውኝ ነበር። የለጠፍኩት እኔ። «በሦስት ቀን እናስተናግዳለን» ይላል። የየት አገር ቀን ነው አሉኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አፍሬ።
የባላቸው ወንድም መሬቱን ሊያርሰው በሬ እያጠመደ ነው። ወረቀት ከሌለሽ መሬትም የለሽም ይላቸዋል። ሰፈሩ ደግሞ ጽ/ቤቱ ፋይሉን የደበቀው ጉቦ በልቶ ነው ይላል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
ከኮምቦልቻ አዲስ ጠረጴዛ መጣ። አሮጌውን አነሳን። ከእግሩ ሥር የታጠፈ ፋይል። የእማማ ዘይነባ!
አስታወስኩ። የአንድ መስኮት አገልግሎታችን የተመረቀ ዕለት። እንግዶች ደጅ ደርሰዋል፣ ጠረጴዛው ይወዛወዛል። እጄ የገባውን ወሸቅሁበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ። እሳቸው አራት ማክሰኞ የተደገፉት የገዛ መሬታቸውን ነው። አለቀስኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ። እንደገና አለቀስኩ።
አለቃዬ አቶ ሰይድ፣ መዝገብ ቤት ተገኘ በይ፣ ጽ/ቤቱን አታሰድቢ አሉ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
የመሬት ደብተራቸው በስማቸው ወጣ። ሰጠኋቸው። እውነቱንም ነገርኳቸው፤ አልቻልኩም። ጥግ የቆመውን አሮጌ ጠረጴዛ አዩ፣ እኔን አዩ፣ አፋቸውን በሻርፓቸው ይዘው ሳቁ። እፎይ አልኩ።
ቸኩዬ ነበር። ሳቃቸው ቆመ። «ወላሂ ልጄ፣ ይኼ ብቻውን አይበቃኝም። ጉቦ ሰጥታ አወጣችው ይሉኛል። ለኔ ያልሽውን ለነሱም በይልኝ። ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት።»
እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፣ 10፡00
አቶ ሰይድ ተቆጡ። ከሄድሽ በራስሽ ነው፣ ቅጣቱም የራስሽ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈርተው ነው። እኔም ፈርቻለሁ። ሰዉ ሲጮህብኝ ይታየኛል። ግን እማማ ዘይነባ በሬው ፊት ብቻቸውን ቆመው ደግሞ ይታዩኛል።
የፈቃድ ቅጽ ሞላሁ። ግማሽ ቀን፣ ዓርብ። «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ ብዙ ቆየሁ። «ለግል ጉዳይ» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት።
«ፋይሉን የጣልኩት እኔ መሆኔን ለመናገር» ብዬ ፈረምኩ።