የባሕር ውሃ በሰማያዊ ሳፋ

ውድ ደጀኔ፣

…ጣትህን የመስታወት ሣጥንህ ውሃ ውስጥ ነክረህ ወደ አፌ ስታስጠጋ፣ «ቅመሺው፣ ቀይ ባሕር ነው» ስትለኝ፣ እኔም ስቄ ፊቴን ሳዞር ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ረስቼዋለሁ። ቀምሼው ነበር?

ትናንት ቀመስኩት። ከሳፋ።

የዓሦችህ የመስታወት ሣጥን ተበላሸ። ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፤ ውሃውን የሚያናፍሰው ሞተር ቆመ፤ የታችኛው አሸዋ ጠቁሮ እንደ ገማ እንቁላል ሸተተ። መብራቱ ሲመለስ እንዳስተማርከኝ አደረግኩ። ከላይ ያለውን ንጹሕ ውሃ በቱቦ ወደ ሰማያዊው ሳፋ ሳብኩት፤ የውሃውን ልክ በጥፍር ቀለም አሰመርኩ፤ አራቱን እንስሳት አንድ በአንድ በኩባያ አሻገርኩ። ሁለቱን ብርቱካናማ ዓሦች፣ ሸርጣኑን፣ ጢማሟን ሽሪምፕ። አሸዋውን ደፋሁ፣ መስታወቱን አጠብኩ።

በጭነት መኪናህ ከጅቡቲ ካመጣኸው የባሕር ጨው የቀረው ግማሽ ከረጢት ነው። ለአዲሱ ውሃ ልክ ይበቃል። አዲሱ ውሃ ግን እንስሳቱ ሳይገቡበት ወር ያህል ባዶውን መቆየት አለበት ብለኸኝ ነበር። ባዶውን መቆየት። ከድንበሩ፣ ከጋላፊ ከደወልክልኝ ሰባት ወር ሆነ።

እናትህ ሳፋውን ሲያዩ ደነገጡ።

«አንች ያምሮት፣ ምን አጥፍተው ነው እንደ ልብስ የዘፈዘፍሻቸው?»

«ቤታቸው እስኪጸዳ ነው፣ እማማ።»

«ልጄ ቢመጣስ? የት ገቡ ቢልሽ?»

«እንግድነት ሄደዋል እለዋለሁ።»

ሳቁ። ከሄድክ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ትናንት ቡሬ እህቴ ዘንድ ውዬ ስመለስ ሽሪምፗ ተገልብጣለች። ዓሦቹ ጥግ ይዘው ያለከልካሉ። ውሃው ከምልክቴ አራት ጣት አልፏል። ሳፋው አጠገብ የእናትህ ቢጫ ጀሪካን፣ ባዶውን።

«ጠበል ነው» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። «ከስተው አየኋቸው። ከሚካኤል ድረስ ተሸክሜ አመጣሁላቸው። እነሱ ከዳኑ ልጄም ይገባል ብዬ ስለት ገብቻለሁ።»

ጨው የሌለው ውሃ እንደሚገድላቸው እንዴት ልንገራቸው? ጠበሉ ገደለ ልበል?

ግማሹን ከረጢት ፈታሁት። ጥቂት በጥቂት እያሟሟሁ ሳፋው ውስጥ ጨመርኩ፣ ጠብቄ ቀመስኩ፣ እንደገና ጨመርኩ። ጨው አለቀ። ዓሦቹ ቀና አሉ። መስታወቱ ግን ደረቅ ነው፤ ደርቆ ይቀመጣል። ሽሪምፗን ጓሮ ጌሾው ሥር ቀበርኳት። እናትህ ሲጠይቁኝ፣ «ሁሉም ደህና ናቸው፣ እማማ» አልኳቸው።

ስለ አንተም የምላቸው ይኸንኑ ነው። የሥራ ባልደረባህ፣ የጅጋው ሾፌር ስመኘው ከወር በፊት መጥቶ ነበር። መኪናህን የጅቡቲው መንገድ ዳር፣ በሯ እንደተከፈተ፣ ሰው የሌለባት ሆና እንዳያት ነገረኝ። ለእናትህ አልነገርኩም። ለራሴም የነገርኩት አሁን፣ ይኸን ስጽፍልህ ነው።

የቀሩትን አልጥላቸውም። ሳፋ ውስጥም ቢሆን አኖራቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ስሜን ልጽፍ ስል እናትህ ገቡ። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስት። እንደገና ቆጠሩ። ቀና ብለው ወረቀቱን አዩት።

«ለደጀኔ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ወዴት ትልኪዋለሽ?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩ። ባዶውን ጀሪካን አንሥተው ወደ ሚካኤል ወጡ። በሩ ተዘጋ።