ጀልባዋ ያዘነበለች ዕለት

ዘጌ ላለኸው ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ይሁኔ ይድረስ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለው ወይስ አሁንም ታንኳ ስትጎትት ይይዝሃል? የእትዬ ጥሩዬ ዓይን እንዴት ሆነላት? ሐይቁስ ሞላ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእርጥቡ ብርድ በቀር ምንም አልሆንኩም። ጀልባዋም ደህና ናት። ባለፈው ማክሰኞ ግን ልታዋርደኝ ምንም አልቀራትም ነበር።

ሽማግሌው ክሊፎርድ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል መግባቱን ጽፌልህ ነበር። ሚስቱን ላስታምም መጥቼ፣ እሷ ካረፈችም በኋላ እዚሁ ቦዩ ላይ ስኖር ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ። ሦስት ወር ሙሉ ቤታችን የሆነችውን ይህችን ጀልባ የምጠብቃት ብቻዬን ነው። ጠዋት ወለሉ ሥር የገባውን ውሃ እቀዳለሁ፤ ባትሪው እንዳይሞት ሞተሩን አስነሳለሁ፤ ምድጃውን ከሰል አጎርሳለሁ። ዳክዬዎቹ የጀልባዋ ጎን ላይ የበቀለውን አረንጓዴ አልጌ በምንቃራቸው ሲለቅሙ በር የተንኳኳ እየመሰለኝ «ማነው?» ማለቴን እስካሁን አልተውኩም።

ሆስፒታሉ እንዲሁ አይለቀውም። አንዲት ሠራተኛቸው መጥታ ጀልባዋን አይታ፣ «እግሩ ለተጎዳ ሰው አትሆንም» ካለች ክሊፎርድ የአረጋውያን ማደሪያ ይገባል፤ ጀልባዋም ትሸጣለች። እሱ በስልክ፣ «አቲ፣ እዚያ ከሚያስገቡኝ ቦዩ ውስጥ ቢወረውሩኝ ይሻለኛል። ችግሩ ውሃው ወገቤን አያልፍም!» አለኝ። እየሳቀ ነበር የተናገረው፤ ድምፁ ግን አልሳቀም።

ስለዚህ ሦስት ቀን ጠዋት ማታ አጸዳሁ። ባለ አራት እግር ምርኩዙ የሚያልፍበት መንገድ እንዲሰፋ ብዬ የከሰሉን ጆንያ፣ የብረት መሣሪያውን፣ የመጻሕፍቱን ሣጥን ሁሉ በግራ በኩል ደረደርኩ። መንገዱ ሰፋ። ዘወር ስል ግን አንድ ሽንኩርት ብቻውን ወለሉን አቋርጦ ወደ ግራ ሲሄድ አየሁት። ጀልባዋ እንደተኛች ላም በጎኗ አዘንብላለች! አባባ «ሁለታችሁም በአንድ ጎን አትቀመጡ!» እያለ በመቅዘፊያው ጀርባችንን ሲነካን ያደግን ልጆች ሆነን፣ እኔ ይህን ልርሳ? አትሳቅ ጋሼ።

ሴትዮዋ ልትደርስ የቀራት ሩብ ሰዓት ነው፤ ከሰሉን ለመመለስ ጊዜ የለም። ከአጠገባችን ጀልባ ላይ የምትኖረውን ሞሪንን ጠራሁ። ክብደቷን አልጽፍልህም። «ይሄ ምን ያስለቅሳል? እኔ ምን ልሠራ ተፈጠርኩ!» ብላ ባሏን ከነቦት ጫማው እየጎተተች መጣች። ሁለቱም በቀኝ ሲቀመጡ ጀልባዋ ቀጥ አለች። «አደራ እንዳትነሱ» አልኳቸው። «ብስኩቱን አጠገቤ አድርጊው እንጂ ምን ያስነሳኛል?» አለችኝ።

ሠራተኛዋ ጃኔት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ያቀፈች ልጅ ናት። ክሊፎርድን ይዛው መጣች። ደረጃውን ሲወርድ ክንዱን ይዛ፣ «ቀስ ይበሉ፣ እርጅና እኮ ነውር አይደለም» ትለዋለች፤ እሱ ጥርሱን ነክሶ ይወርዳል። ገና ሳይቀመጥ ሻይ ሰጠሁት። እሷ መተላለፊያውን ለካች፣ መታጠቢያውን አየች፣ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ ልትሰናበት እጇን ለሞሪን ዘረጋች። ሞሪን የጨዋ ልጅ ናት፤ ብድግ ብላ ተራመደች። ባሏም ተከተላት።

ጀልባዋ ወደ ግራ ወረደች። ጃኔት ጮኻ መደርደሪያውን አቀፈች፤ ወረቀቷ ከሰሉ ላይ ተበተነ። ምርኩዙም ከክሊፎርድ እጅ አምልጦ ተንሸራተተ። እሱ ግን አንድ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ አርባ ዓመት እንደለመደው ከወለሉ ጋር ዘንበል ብሎ ቆመ። ከሻዩ ጠብታ አልፈሰሰም። ሁለት እርምጃ ሄደና የጃኔትን ክንድ ያዘ። «ቀስ በይ የኔ ልጅ፤ ወጣትነትም እኮ ነውር አይደለም» አላት።

እኔ መሬት ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ጃኔት ግን ሳቀች፤ ሞሪን ስትስቅ ደግሞ ጀልባዋ ዳግመኛ ተናወጠች። ልጅቱ ወረቀቷን አራግፋ፣ «ሁለት የእጅ መደገፊያ ይተከል፤ ክሊፎርድ ወደ ጀልባው ይመለስ» ብላ ጻፈች። ከሥሩም «ከሰሉ ወደ ቦታው!» ብላ አሰመረችበት።

ቅዳሜ ይመጣል። እሱ ማደሪያው ከገባ እኔ የት እሄዳለሁ እያልኩ ስብሰለሰል መክረሜን ያወቀ ይመስል፣ የዚያን ዕለት ከጃኔት ጋር ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «የአንቺ አልጋ በግራ፣ የእኔ በቀኝ፣ እንደነበረው ነው። ሞሪንን ለሚዛን ካስቀመጥናትማ ብስኩቷን አንችለውም» አለኝ።

እትዬ ጥሩዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ምስጋናውን በትምህርቱ በርታ በልልኝ፤ ትንሿን ውዴን አቅፈህ አንድ ዙር በታንኳ አዙርልኝ። አባባ መቃብር ስትሄድም፣ አትጠገብ አሁን የት እንደሚቀመጡ አውቃለች በለው።

እህትህ አትጠገብ
ብራውንስተን፣ እንግሊዝ አገር
ጥቅምት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.