ናና እንዳይወድቅ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ጉልበቴ ላይ በረዶ አስሬ ዋልኩ። በረዶም አይባል... የእህቴ የሰርዋ የቀዘቀዘ ዓሣ ነው። ሰርዋ አዋላጅ ናት፣ እጇ በገባው ነገር ሁሉ ታክማለች። "ዓሣው የማታ ወጥ ነው፣ እንዳታቀልጥብኝ" ብላኝ ሄደች።

ከቀዶ ጥገናው ዘጠኝ ወር ሆነ። ቤልጂየም ያለው የእግር ኳስ ክለቤ ሐኪም በደወለ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሰው ገጭቶህ ያውቃል? ወድቀህ ተነስተሃል? ሐምሌ 8 ሄጄ የጤና ፈተናውን ካላለፍኩ ውሌ አይታደስም። ሮጫለሁ፣ ዘልያለሁ፣ ኳስ መትቻለሁ። መገጨቱ ግን... ሰው ወደ እግሬ ሲመጣ ኳሱን ጥዬለት እሸሻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለዚህ ደብተር ብቻ።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ሽማግሌዎቹ መጡ። የማዋለጃ ቤት እያሠራሁ ስለሆነ (ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያ የለውም) የልማት አለቃ ሊያደርጉኝ ነው። ከእንግዲህ ኦውራኩ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ናና ነኝ፣ እኛ ዘንድ አለቃ የሚጠራው እንደዚያ ነው።

የመንደሩ አለቃ ቃል አቀባይ ኦፓኒን ቦዋቼ ደንቡን አስረዳኝ። ናና በባዶ እግሩ መሬት አይረግጥም። ናና በሕዝብ ፊት ነጠላ ጫማውን ካወለቀ ሹመቱ አበቃ ማለት ነው። ናና አይወድቅም።

"ቢወድቅስ?"

"በግ ይታረዳል።"

"እኔ እኮ ኳስ ተጫዋች ነኝ፣ አባባ።"

"እናውቃለን። በግ በብዛት አስበናል።"

እሁድ፣ ሰኔ 16

ተሾምኩ። ጨርቁ ከበደኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ። አራተኛ ክፍል በኩርኩም ያስተማሩኝ መምህር "እንኳን ደስ አለዎት" አሉኝ። ወደ ኋላዬ ዞርኩ፣ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18

ከመንደሩ ቡድን ጋር ልምምድ። ጫማ የምቀይረው አራት ሰው ጨርቅ ጋርዶልኝ ነው። ኳስ ይዤ ስሮጥ ናናን ፀሐይ እንዳይነካው የተመደበው ዣንጥላ ያዥ ከጎኔ ይሮጣል። ምስኪን፣ ወፍራም ሰው ነው፣ ሊሞት ነው። ተከላካዮቹ "ይለፉ ናና" እያሉ መንገድ ይለቃሉ። ግብ ጠባቂው ጭራሽ እጅ ነሣኝ። ስድስት ግብ አገባሁ።

ማፈር ነበረብኝ አይደል? ደስ አለኝ። ማንም አይነካኝም። እፎይ...

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

አንሸራተተኝና በቂጤ ቁጭ አልኩ። በግ።

ዓርብ፣ ሰኔ 21

በግ ነጋዴው ኢሳካ ሦስት በግ ሜዳው ዳር አስሮ ልምምድ ሲያይ ዋለ። "ልደግፍዎት ነው የመጣሁት" ይላል። ዓይኑ ግን ከቁርጭምጭሚቴ አልተነሳም።

እሁድ፣ ሰኔ 23

ሐኪሙ ደወለ። "አዎ፣ ብዙ ጊዜ ገጭተውኛል፣ ምንም አልሆንኩም" አልኩት። አፌ ላይ ቅቤ የተቀባ ይመስል።

ሰርዋ በር ላይ ቆማ ኖሯል።

"ማን ነው የገጨህ?"

"ልምምድ ላይ..."

"ውሸታም። ከዘጠኝ ወር ወዲህ ጉልበትህን የነካው የእኔ ዓሣ ብቻ ነው። ያቺን ዣንጥላ የወደድካት ፀሐይ ፈርተህ መሰለህ?"

ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስታዋልድ ያደረች ሴት ምሕረት የላትም። ያዋለደችውም ሳሎናችን ውስጥ ነው። ሁለት እርጉዞች ደግሞ ተራ ይጠብቃሉ። ዝናቡ መጣ፣ ማዋለጃው ጣሪያ የለውም። ቅዳሜ ከወንዝ ማዶ ቡድን ጋር የምናደርገው ግጥሚያ ገቢ ለጣሪያው ቆርቆሮ መግዣ ነው።

ፈሪ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 29



ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከወንዝ ማዶ የመጣው ቡድን ግን አልገባም አለ። አምበላቸው ታንኮ ይባላል፣ ጎሚስታ ነው፣ ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል።

"ከማይነካ ሰው ጋር አንጫወትም" አለ። "ናናን እናከብራለን፣ ይቀመጡ። ኦውራኩን ግን አምጡልን።"

"እዚህ ኦውራኩ የሚባል የለም" አለ ኦፓኒን ቦዋቼ።

"እንግዲያው ወደ ቤታችን።"

ሕዝቡ የከፈልነውን መልሱልን ማለት ጀመረ። ሰርዋን አየኋት፣ አንዷን እርጉዝ ደግፋ ቆማለች። ምነው በሰደበችኝ...

ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ጨርቅ ሳይጋረድልኝ፣ ሁሉም እያየ። ኦፓኒን ቦዋቼ ዓይኑን ጨፈነ። ካላየሁ አልሆነም ብሎ ይሆን?

ጨዋታው ተጀመረ፣ በሰባተኛው ደቂቃ ታንኮ መጣ። ስሸሽ ደረሰብኝና ጎማ እንደሚነቅል ነቀለኝ።

ወደቅኩ። አልተነሳሁም። ጉልበቴን አዳምጣለሁ... ቋ ይል ይሆን? የተጎዳሁ ዕለት ቋ ብሎ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይኸው ነው አልኩ።

ታንኮ ጎንበስ አለብኝ።

"ኦውራኩ፣ ሞትክ?"

"እያየሁ ነው።"

"ቶሎ እይ፣ ጨዋታ አለብን።"

ተነሳሁ። ያመመኝ ዳሌዬ ነው። ጉልበቴ ምንም። ምንም! አለቀስኩ፣ አቧራ ነው አልኳቸው። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። ቆርቆሮው ግን ተገዛ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

ጣሪያው ተመታ። ሳሎናችን ሳሎን ሆነ።

ሹመቱን ለሰርዋ ሰጧት። ከመጀመሪያውም ለእሷ ነበር የሚገባው። "ተንበርክኬ ሳዋልድስ ምን ልታደርጉኝ ነው?" አለቻቸው። መንበርከክ መውደቅ ይሁን አይሁን ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን ተሰብስበው ገና አልወሰኑም።

ሐኪሙ ጋ ራሴ ደወልኩ። "ዋሽቼህ ነበር። የተገጨሁት ቅዳሜ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ማን ገጨህ?" አለኝ።

"ጎሚስታ።"

ሳቀ። "ና፣ እናያለን" አለ። ቃል አልገባልኝም። ሊጥሉኝም ይችላሉ። ነገ እሄዳለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግሬ ታንኮን ከጎማው መሃል አስነሳሁት። ናብኝ አልኩት፣ እንደዚያን ቀን አድርገህ። መጣ። እግሬ ሽሽ ሽሽ አለኝ... ሁለታችንም ተያይዘን ወደቅን። ሱሪዬ ተተረተረ፣ ክርኔ ተላጠ።

ኳሱን አልለቀቅኩለትም።