የምንጩን ውል ከእኔ ለሚጠይቀው ጽሕፈት ቤት

ይድረስ ለክቡር የወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ምክትልዎም፣ ባለጉዳይ እንዳይገባ በር ላይ ቆሞ የሚውለው ጥበቃም ሙሉ ጤና እንድትሆኑልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በአሶሳ ዙሪያ በስም ሳይሆን በቁጥር የምንጠራው የሰፈራ መንደር ነዋሪዎች፣ ውኃ ከመራቁ በቀር ደህና ነን።

ጽሕፈት ቤትዎ የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ «የአስተዳዳሪው ጽሕፈት ቤት ታሪክና ሚና» የሚል መጽሔት እንደሚያሳትምና ነባር ሠራተኞች የሚያስታውሱትን ጽፈው እንዲልኩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አነበብሁ። በመዝገብ ቤቱ ሠላሳ ዓመት ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝና ጥሪው አኮራኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የምንጩን ውል ዋና ቅጂ እንድናቀርብ የሚያዝዝ ደብዳቤዎ ለመንደራችን ደረሰ። ወረቀት እንዳላባክን ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ እመልሳለሁ።

ታሪኩን ባጭሩ ላቅርብ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ነቅሎ ሲያመጣን መንግሥት የሚባለውን ያወቅነው በዚህ ቤት በኩል ነው። ያኔ በፊሽካ እንነሣ፣ በፊሽካ እንሠራ ነበር። ቀጥለው የመጡት ፊሽካውን አስቀርተው ስብሰባ ተኩልን። እኔ ካየኋቸው አሥራ አንድ አስተዳዳሪዎች መካከል ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ጠረጴዛውን ያላዞረ የለም፤ አንዱ ወደ በሩ፣ ሌላው ወደ መስኮቱ ያዞረዋል። እርስዎ ወደ ግድግዳው ስላዞሩት ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጦ የሚውለውን ባለጉዳይ ከማየት ድካም ተገላግለዋል።

የጽሕፈት ቤቱ ሚና ግን፣ እኔ እንደ ተማርሁትና ለሌሎችም እንዳስተማርሁት፣ አደራ መጠበቅ ነው። በ2003 በጋ እኛና ጎረቤቶቻችን የበርታ ሰዎች በአንድ ምንጭ ተጣልተን ዱላ ተማዘን ነበር። ነገሩን ያበረዱት ከእነሱ ወገን ሼህ አጣሂር፣ ከእኛ ወገን ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ጎሹ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ምንጩ ዳር ሦስት ቀን ተቀምጠው ተስማሙ። ጧት የእነሱ ከብት፣ ከሰዓት የእኛ ይጠጣል፤ ዓርብ ከሶላት በፊት ውኃው የእነሱ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእኛ ይሆናል፤ ከምንጩ በአርባ እርምጃ ውስጥ ያለውን መሬት ማንም አይነካም። ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ሽማግሌዎች አሻራቸውን አኖሩበት፤ የበርታዎቹ በጀርባው ስማቸውን በዓረብኛ ፊደል ጨመሩበት።

ሼህ አጣሂር ውሉ በሁለት ቅጂ ይሁንና አንዱን እኔ ልያዝ ብለው ነበር። የተቃወምሁት እኔ ነኝ። ሁለት ከሆነ አንዱ ተደልዞ ሌላ ጠብ ያመጣብናል፣ ጽሕፈት ቤቱ የሁላችንም ስለሆነ አንዱ ብቻ እዚያ ይቀመጥ ብዬ ተከራከርሁ። ሼሁም ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው «ውድነሽ፣ አንተ ካልክ ይሁን፤ ወላሂ አምናለሁ» አሉኝ። ያኔ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት እርስዎ ውሉን በሁለት እጅዎ ተቀብለው በገቢ መዝገቡ ላይ ፈረሙ፤ በሕዝብ ፊትም «ይህ ወረቀት ከዛሬ ጀምሮ የእኔ አደራ ነው» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ።

አሁን ወደ ጥቃቅን ቅሬታዎቼ ልሻገር።

አንደኛ፣ ባለፈው ጥር ምንጩ ከነአርባ እርምጃው ለእብነ በረድ ማውጫ ተሰጥቶ በቆርቆሮ ታጠረ። ለትምህርት ቤታችን ጣሪያ ያስገባነው ማመልከቻ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቅ፣ ይህ በአሥራ አንድ ቀን ስላለቀ ለቅልጥፍናዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎቹ ውሉን ጠቅሰው ሲመጡ እርስዎ «እንዲህ ያለ ውል በጽሕፈት ቤቱ አይታወቅም፤ አለ የሚል ወገን ዋናውን ያቅርብ» ብለው ጻፉ። አደራ ተቀባይ አደራ ሰጪውን አደራዬን መልስ ሲለው በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ አይቼ ስለማላውቅ፣ ይህ አዲስ አሠራር በመጽሔቱ ሰፊ ቦታ እንዲሰጠው አሳስባለሁ። ከሥሩ ያለውን ፊርማም አውቀዋለሁ። በገቢ መዝገቡ ላይ የነበረው ያው ፊርማ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄጄ ነበር። በ1989 ከስብሰባ የቀሩ ሰዎች ስም ዝርዝር በክብር ተቀምጧል። የአንድ ጥበቃ ጃንጥላ የጠፋበት ሪፖርት ከነአባሪው አለ። የ2003 የገቢ መዝገብም አለ፤ ውሉ ራሱ ግን የለም፤ ከመዝገቡም የጎደለው ውሉን የፈረሙበት አንድ ገጽ ብቻ ሲሆን እሱም በምላጭ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ማን ቆረጠው አልልም። ጡረታ ስወጣ መዝገቡ የሚቀመጥበትን ሣጥን ቁልፍ ያስረከብሁት በእርስዎ እጅ መሆኑን ግን አልረሳሁም።

ክቡር ሆይ፣ ማላገጤን ለአንድ አንቀጽ ልተወው። ከድተውናል። እኔን ደግሞ ከሁሉም አብልጠው ከድተውኛል፣ ሰው ሁሉ ወረቀቱን የሰጠው በእኔ ቃል ነበርና። ዛሬ ሴቶቻችን ውኃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ይሄዳሉ። በእኛ መንደር ምንጩን የሸጡት በርታዎቹ ናቸው ይባላል፤ በእነሱ መንደር ደግሞ ውሉን የደበቀችው ውድነሽ ናት ይባላል። ባለፈው ሳምንት ሼህ አጣሂር ቤት ሄድሁ። አስቀመጡኝ፣ ከሩቅ በጀሪካን ከመጣው ውኃ ቀድተው ሰጡኝ፣ ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፈረሙት አሥራ ስድስት ሽማግሌዎች ዘጠኙ በሕይወት አሉ፤ ጸሐፊያቸው እኔም አለሁ። ቁፋሮው ሳይጀመር ቀን ይቁረጡልንና በሕዝብ ፊት ቆመን እንመስክር። እርስዎም ይምጡና ያን ቀን ምን ብለው እንደ ተቀበሉን ይንገሩን።

ለረጅሙ ዝምታዎ፣ ለአጭሩ ደብዳቤዎና በእርጅናዬ ስለ ሰጡኝ ትምህርት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንሁ፣

የቀድሞ የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ፣ የዛሬ የሁለት መንደር ተጠርጣሪ
ውድነሽ

ግልባጭ፦
ለሼህ አጣሂር
ለመዝገብ ቤት (የዚህ ደብዳቤ ሌላ ቅጂ በሁለት ሰዎች ቤት መኖሩን በትሕትና አስታውቃለሁ)

በተረፈ፦ በመጽሔቱ «አርአያ ሠራተኞች» በሚል ዓምድ ሥር ፎቶግራፌን ልታወጡ እንዳሰባችሁ ሰማሁ። እባክዎ ያስቀሩልኝ። ሼህ አጣሂር ያን ቀን ያመኑት ማኅተማችሁን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር፤ ለጽሕፈት ቤትዎ ሁለተኛ አላውሰውም።