ያልመለሱኝ ቀን

ክላርክስተን፣ ጆርጂያ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ ሐረገወይን፣

ዓይንዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የደብረ ብርሃን ብርድ በጥቅምት እንዴት እንደሚጨክን አልረሳሁትም። የላክሁልዎት ሹራብ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ እቀየማለሁ፤ የክት አይደለም፣ ይልበሱት። አንተ ፍስሐ ደግሞ፣ ለእናትህ ስታነብላቸው እንደ ልማድህ እየዘለልክ እንዳታሳጥር። ዛሬ ሁሉንም ይስሙልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ከሆስፒታሉ ሥራ ሌላ ፍርድ ቤት በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጠበቃ የሆንኩ እንዳይመስልዎት። ቤታቸው ውስጥ ተጎድተው መንግሥት ሌላ ሰው ዘንድ ያስቀመጣቸውን ልጆች እየሄድኩ እጠይቃለሁ፣ አጫውታለሁ፣ ከዚያ ለልጁ የሚበጀውን ለዳኛዋ እጽፋለሁ። ደመወዝ የለውም። "አይ የኔ ሞኝ!" ሲሉኝ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ዘንድሮ የያዝኳት የአገራችን ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ስሟን መናገር አይፈቀድልኝምና ቢታንያ ልበላት። እናቷ ሞታለች፣ አባቷ የጭነት መኪና ይነዳል። አስተማሪዋ ጀርባዋ ላይ የቀበቶ ምልክት አይታ አመለከተች፤ አሁን ዲኬተር በምትባል ጎረቤት ከተማ አንዲት ሴትዮ ቤት ናት።

ባለፈው ወር ጋሽ ይገዙ የሚባሉ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጠበቁኝ። "ልጄ፣ አባትየው ተጸጽቷል፣ ፍርድ ቤቱ ያዘዘበትን የልጅ አስተዳደግ ክላስም ጀምሯል። 'ትመለስ' ብለሽ ጻፊልን። ዋስ እኛ አለን። ገመናችንን በፈረንጅ ፊት አታውጪ" አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እውነቱን ልንገርዎት፣ እሺ አልኳቸው። ያደግኩበት ነዋ! የተገረፈ ልጅ ጎረቤት ይሸሻል፤ ጎረቤትም እጁን ይዞ "ለእኔ ሲሉ ይማሩት" ብሎ ይመልሰዋል።

እርስዎም ሦስት ጊዜ መልሰውኛል፣ እትዬ።

ያን ቤትዎን ግን እንዴት እንደምናፍቀው! አባቴ ጠጥቶ ሲመጣ በአጥሩ ሾልኬ ከስፌት መኪናዎ ሥር እወሸቅ ነበር። መርገጫውን ሲረግጡት ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ራሴ ላይ ይወርዳል። በማግኔት የወደቀ መርፌ ስለቅም "ሃያ ከሞላ ቆሎ አለሽ" ይሉኝ ነበር። ሃያ ሞልቶ አያውቅም፣ ቆሎውም ቀርቶ አያውቅም። እንደዚያ የሚሞቅ ቦታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ታዲያ ከዚያ አውጥተው ሲመልሱኝ አዝንብዎት ነበር። ተቀይሜዎትም ነበር፤ ነግሬዎት አላውቅም። በአራተኛው ግን በሩን ቀርቅረው "ከእንግዲህ እዚሁ ነሽ" አሉ።

"ትመለስ" ብዬ የጻፍኩትን ሪፖርት ለዳኛዋ ከመላኬ በፊት ቢታንያን ላያት ሄድኩ።

"ወደ አባቢ ብትመለሺስ?" አልኳት።

"ኦኬ" አለች፣ ስዕሏን ሳታቋርጥ። "ግን ሹዜን አድርጌ መተኛት እችላለሁ? ራን ማድረግ ካለብኝ ብዬ ነው።"

ጫማዬን ሳላወልቅ ልተኛ፣ ሮጬ ማምለጥ ካለብኝ ማለቷ ነው፣ እትዬ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ለጋሽ ይገዙ የሰጠሁትን ቃል በልቼ "አሁን አትመለስ" ብዬ እንደገና ጻፍኩት።

ሐሙስ ዕለት ዳኛዋ ሐሳቤን ተቀበለች፤ ቢያንስ ስድስት ወር ባለችበት ትቆያለች። ጋሽ ይገዙ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። አባትየው ኮሪደሩ ላይ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ሰማችው።

"ያስለቀስኩት እኔ ነኝ?" አለችኝ።

"አይደለሽም የኔ ቆንጆ። አትመለስ ያልኩት እኔ ነኝ። የሚቆጣም ከሆነ እኔን ይቆጣ።"

እጄን ያዘችኝ፤ እስክንወጣ ድረስ አልለቀቀችኝም።

እትዬ፣ በሩን የቀረቀሩ ዕለት አባቴ ደጅ ቆሞ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። ያስለቀስኩት እኔ ነኝ ብዬ ይኸው አርባ ዓመት ኖርኩ፤ ሲሞት እንኳ ያ ነገር አልለቀቀኝም። እርስዎ ደግሞ በሩን ተደግፈው "የከለከልኩህ እኔ ነኝ፣ ከእኔ ጋር ተጣላ!" ይሉት ነበር። ያንንም ሰምቼዋለሁ። ለማን ብለው እንደተናገሩት የገባኝ ግን ሐሙስ ነው።

ሦስቱን ጊዜ አንስቼ ካስከፋሁዎት ይቅር ይበሉኝ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ፣ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን። ለቢታንያ ይጸልዩላት። ለአባቷም ይጸልዩለት፤ ለእኔ አባት የጸለየለት አልነበረም።

ልጅዎ
ተናኘወርቅ