ድምፅ ወንዝ ሲሻገር

ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ከወንበር ሲነሱ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ሻል አለው? ዓይንዎስ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሾለክ አልከበደውም? የልብስ ስፌት መኪናዎ መዘውርስ ተጠገነ? እማዬን ያ ደረቅ ሳል ለቀቃት? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እናንተን ከመናፈቅ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም።

የሥራ ባልደረቦቼ «ስልክ መሥሪያ ቤት እየሠራሽ ለአባትሽ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ባለፈው ስደውል «ይሄ ነገር ጆሮዬ ውስጥ የገባ ትንኝ ሆነብኝ፤ ጻፊልኝ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ደግሞ «ሽቦ ሳይኖር ቃሌ በየት በኩል ነው አንቺ ጋ የሚደርሰው?» ብለው ጠይቀውኝ፣ በደፈናው «በኢንተርኔት ነው» ብዬ አለፍኩዎት። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም ብዙ አስቤበት አላውቅም ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር አይቼ የገዛ ሥራዬ አስደነቀኝ።

ድሮ ሰው ሲደውል ከደዋዩ እስከ ተደዋዩ አንድ መስመር ለሁለቱ ብቻ ይያዝላቸው ነበር። የአሁኑ እንዲያ አይደለም። ኮዴክ የምንለው ነገር ድምፅዎን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ እዚህ ሲደርስ ደግሞ ቁጥሩን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። እርስዎ «ልጄ» ሲሉ ቃልዎ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ፓኬት ይባላል፤ አድራሻና ተራ ቁጥር ይጻፍበታል። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ መንገድ ይመጣል፤ የኋለኛው ቀድሞ ሊደርስም ይችላል። እኔ ጋ ሲደርሱ ጥቂት ተጠባብቀው በተራቸው ይሰለፉና እንደገና «ልጄ» ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ነው። መንገድ ላይ የቀረ ፓኬት ካለ ግን ማንም ቆሞ አይጠብቀውም፤ ወሬው ያለ እሱ ይቀጥላል።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሳያባራ ወርዶ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ወንዝ ሞላና ድልድዩን ይዞት ሄደ። የስልኩ ኬብል ከድልድዩ ሆድ ሥር ታስሮ ነበርና አብሮ ተበጠሰ። የማዶው የሞባይል ማማም በዚያው ኬብል ስለሚገናኝ፣ ማዶ ያለው ሰፈር ሁሉ ድምፁ ጠፋ።

ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ውሃ እየተንጠባጠበባቸው መሣሪያ ክፍላችን ገቡ። አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሌላዋ ሐኪም። ሹፌሩ ማዶ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሚስቱ ምጥ ጠንቶባት፣ ካንዲት ወጣት ነርስ ጋር ትቷት፣ ሐኪሟን ሊያመጣ ወዲህ ተሻግሮ ነበር። ይዟቸው ሲመለስ ድልድይ የለም። ሐኪሟ ወንበር እንኳ ሳይስቡ «እኔን ማሻገር ካልተቻለ ድምፄን አሻግሩልኝ» አሉን።

ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ድሮ የተተከለ፣ ከውስጥ ስልኩ ጋር የተያያዘ ትንሽ አንቴና መኖሩን አለቃዬ አስታወሰ። ፊቱን የሚያዞርለት ሌላ አንቴና ከዚህ በኩል፣ ከፍ ካለ ቦታ ያስፈልገዋል። የመሥሪያ ቤታችንን ማማ ወጪ ጉሬዛ ነው የምንለው፤ መሬት ላይ ሲሄድ ያነክሳል፣ ማማ ላይ ግን የሚችለው የለም። አንቴናውን በጀርባው አዝሎ የግቢያችን የውሃ ማጠራቀሚያ አናት ላይ ወጣ። ነፋሱ ሸሚዙን እንደ ባንዲራ ሲያውለበልበው በመስኮት እያየሁ «ወደ ግራ! ትንሽ! አለፍክ!» እላለሁ። በመጨረሻ ማዶ ያለው መሣሪያ መለሰልኝ።

መገናኛው ግን የሞት ሞቱን ነው። ትንሽ ቦታ የሚበቃውን ኮዴክ መረጥኩ። ሰው ዝም ሲል ምንም እንዳይላክ የሚያደርገውንም ማስተካከያ ከፈትኩ፤ ዝምታ እንኳ መንገድ ያጣብባልና። ከዚያ ደወልኩ፤ ነርሷ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ «ሃሎ?» አለች፤ አፍንጫዋን ይዛ የምትናገር ትመስላለች። ሹፌሩ ከእኛ ክፍል ድምፅ ማጉያ አጠገብ ተቀመጠ።

ሐኪሟ ይጠይቃሉ፣ ነርሷ ትመልሳለች። ጥቂት እንደቆየን «ጭንቅላቱ ወጣ፤ እትብቱ ግን አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል!» አለች። ሐኪሟ «አታምጪ በያት!» አሉ። ማዶ ነርሷ ጮክ ብላ «አምጪ ነው ያሉኝ?» አለች። አባባ፣ «ታ»ን የያዙት ፓኬቶች ወንዙ ላይ ቀርተዋል! አንዲት ፊደል ጎድላ ትእዛዙ ተገልብጦ ደረሰ።

ሐኪሟ ግን ጊዜ አላጠፉም። «ቃል እንቀይር! ‹ቆዪ› ስል ትቁም፣ ‹ግፊ› ስል ትግፋ። የሰማሽውን መልሽልኝ» አሏት። ከዚያ «ቆዪ! ቆዪ! ቆዪ!» አሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲደርስ። «ቆዪ ብያታለሁ» አለች ነርሷ። «በጣትሽ እትብቱን አላልተሽ በጭንቅላቱ በኩል አሳልፊው» አሏት። «አለፈ!» አለች። «ግፊ! ግፊ! ግፊ!»

ከዚያ ዝም አለ።

ከድምፅ ማጉያው ሽ የሚል ስስ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሹፌሩ ተነሥቶ «መስመሩ አልተቆረጠም፤ ማዶ ሽ ሲል ይሰማኛል» አለ። ልነግረው አልደፈርኩም። ያ ሽ የሚለው ድምፅ ከማዶ የመጣ አይደለም። ማዶ ዝም ሲል ምንም ስለማይላክ፣ ሰው መስመሩ ሞተ ብሎ እንዳይደነግጥ የኛው መሣሪያ ነው ራሱ የሚፈጥረው። እውነተኛው ነገር ከፊቴ ያለው ስክሪን ነው፤ ከማዶ የሚመጡት ፓኬቶች እንደ ትንንሽ ጭረቶች ይታዩበታል። ባዶ ነበር። እንደገና ባዶ። ሐኪሟ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ድንገት አንዲት ጭረት ብቅ አለች። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ዘነቡ። ፓኬቶቹ ተሰልፈው ድምፅ እስኪሆኑ ጥቂት ይዘገያሉና፣ ለቅጽበት ያህል በክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ አወቅሁ፤ ማዶ የሆነ ሰው ድምፅ አሰምቷል። ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። እናትየዋ ትሁን፣ ነርሷ ትሁን፣ እልልታ ይሁን፣ ዋይታ ይሁን። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የረዘመ ነገር አላየሁም።

የሕፃን ጩኸት ነበር! ያ ኮዴክ የተሠራው ለሰው ንግግር እንጂ ለዚህ አይደለምና ድምፁ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ነው የሚንቋረረው። ይሁን እንጂ አባባ፣ ከዚያ የሚያምር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ያ ጩኸት ነፋስ ተሸክሞት፣ ድልድዩን በበላው ወንዝ ላይ፣ ተበታትኖ፣ አንዱ ቁራጭ ሌላውን ሳያጣ ከእኛ ጋ ደረሰ። እኔ በእጄ የምሠራው ነገር ነው፤ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሐኪሟ ማይክሮፎኑን ለሹፌሩ ሰጡት። ቀን ሙሉ ተሳፋሪ ላይ ሲጮህ የሚውል ሰው አንዲት ቃል እንኳ ጠፋችው። ይተነፍሳል ብቻ። ሚስቱ «ማነው? ሃሎ?» ትላለች። ስክሪኑን ሳይ ከእኛ በኩል ምንም አይሄድም፤ መሣሪያው ትንፋሹን ከዝምታ ቆጥሮበት አስቀርቶታል። ያን ማስተካከያ አጠፋሁት።

ማዶ ሚስቱ ቀስ ብላ «አንተ ነህ አይደል? ትንፋሽህን አወቅሁት» አለች።

ሴት ልጅ ናት። ሹፌሩ በደስታው ብዛት በጉሬዛ ስም ልሰይማት ቢል፣ ጉሬዛ ራሱ «ሴት ልጅ ምን በደለችህ?» ብሎ ተቆጣው። አሁን ጀልባ ተገኝቶ ሐኪሟ እየተሻገሩ ያዩዋታል፤ ኬብሉንም እየዘረጋን ነው።

እማዬን ጉንጮቿን ሳሙልኝ፤ ሻሿን ሳትጠመጥም ደጅ እንዳትወጣ። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ ሰላም በሉልኝ፤ ጺሙን ይላጨው። ለታናሽ እህቴ ፈተናዋን በርትታ እንድታጠና፣ ለአክስቴ ምርቃቷ እንደደረሰኝ ንገሩልኝ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊውንም እንዳትረሱት። እርስዎን ግን እጅ ነሥቼ፣ ጉልበትዎን ስሜ ነው።

ልጅዎ
ከመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ወንዙ ከሚያሳየው
ነሐሴ ፲፬ ቀን